ሌንሱ የዋጠው ዘጠና አራት እርምጃ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ መጣልኝ። «ለዱር እንስሳት ፎቶ የሚያገለግለው አሮጌው ረጅም ሌንስ ይጠገን ወይስ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካ? በሥራው ልምድ ስላለዎት አስተያየትዎን በጽሑፍ እንዲያቀርቡልን» ይላል። ማኅተሙን አየሁት፤ ፊርማውን አየሁት፤ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት። «ማን ሊሸጥላቸው ነው? ደግሞስ በሥራ ላይ ሳለሁ አንድም ቀን ሐሳቤን ያልጠየቁኝ ሰዎች ዛሬ ምን አስታወሳቸው?» ስል ባለቤቴ ሳቀችብኝ። «አንተ እኮ ጸበል ቢሰጡህም ከየት ተቀዳ ብለህ ነው የምትጠጣው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። መተማን በመሰለ የድንበር ከተማ ያደገ ሰው ሸቀጡ ከየት እንደ መጣ፣ እንግዳው ለምን እንደ መጣ፣ መንገዱ ዛሬ ለምን ጭር እንዳለ ሳይጠይቅ አይውልም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሻጩን፣ ሹፌሩን፣ አለቃውን፣ መንገደኛውን ስጠራጠር ኖሬ አንድ ነገር ብቻ ሳልጠራጠር ቀረሁ። እሱም የገዛ ፎቶዬ ነው። በዚያ ፎቶ ምክንያት አንዳርጌ የሚባል ዕጣን ለቃሚ ታሰረ። ከእስር ከወጣም በኋላ ወደ ጫካ እንዳይገቡ በተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ስላለ የሚቀጥረው ድርጅት አጣ። ስለ እሱ ሳልናገር ስለ ሌንስ ብጽፍላቸው ምን ዋጋ አለው?

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ኢድሪስ ናቸው። መተማ ላይ፣ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበራቸው። ወጣትነታቸውን ሱዳን፣ ገዳሪፍ በፎቶ አንሺነት ስላሳለፉ አማርኛቸው በዓረብኛ የተቀመመ ነበር። ከመታወቂያ ፎቶ ጎን ለጎን ያገለገሉ ካሜራዎችና ሌንሶች ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። እኔ ተቀጣሪያቸው ነበርኩ።

ጋሽ ኢድሪስ ሌንስ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዩት የሻጩን ጫማ ነበር። «እንዲህ ያለ ጫማ ያደረገ ሰው ይህን ሌንስ ከየት አመጣው?» ይሉኛል ሰውዬው ከወጣ በኋላ። ቀጥለው ሌንሱን ያሸቱታል፤ ሻጋታ ከመታየቱ በፊት ይሸታል። ከጆሯቸው አስጠግተው ቀስ ብለው ይነቀንቁታል፤ የላላ ብሎን ካለ ይሰማል። ከዚያ ክዳኖቹን አንስተው ከኋላ በኩል የእጅ ባትሪ ያበሩበታል። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ የመሰለ መስታወት ከኋላ ሲበራበት የሻጋታው ክር እንደ ሸረሪት ድር ብቅ ይላል። መጨረሻ ላይ ከመንገዱ ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ የዓረብኛ ጋዜጣ ያስለጥፉና በሌንሱ ያነሱታል። «ሹፍ፣ ደርቤ!» ይሉኛል። እይ ማለታቸው ነው። «መካከሉን ማንም ሌንስ አጥርቶ ያወጣዋል። ውሸቱ ያለው ጠርዙ ላይ ነው።»

እሳቸው የሚሠሩበት ሌንስ ሦስት መቶ ነበር። ረጅም ሌንስ በቁጥር ነው የሚጠራው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሩቁን ያቀርባል። ሦስት መቶው ሁለንተናው ብረት፣ በእጅ እየተዞረ የሚስተካከል፣ ቀለሙ ከመታሸት ብዛት የተላጠ ነበር። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወይም እሑድ ማለዳ ይዘነው ወደ ወንዙ ዳር እንወርዳለን። ከርከሮ፣ አጋዘን፣ አሞራ፣ ያገኘነውን እናነሳለን። በሦስት መቶ አጋዘን ለማንሳት መጠጋት ግድ ነው። ነፋሱን ከፊት አድርጎ፣ በደረት ተስቦ፣ እሾህ እየነቀሉ መሄድ ነው።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ በሰው ማሳ ዳር ሌንስ ከማንሳታቸው በፊት ለባለ እርሻው ሰላምታ ሰጥተው በሌንሱ እንዲያይበት ይሰጡታል። ለድንበር ሰው ረጅም ሌንስ ወይ መሣሪያ ነው ወይ የሰላይ ዓይን ነው። በገዛ ዓይኑ ያየበት ሰው ግን አይጠረጥርህም። ሁለተኛው ልማዳቸው ያኔ የሽማግሌ ሥራ ፈትነት ይመስለኝ ነበር። ፎቶውን ካነሱ በኋላ እንስሳው ወደ ቆመበት ቦታ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ይሄዳሉ። እዚያ ደርሰው ዞር ይሉና እኛ ወደ ነበርንበት ያያሉ። ፎቶው ሲታጠብ ከጀርባው «መቶ ሠላሳ እርምጃ፤ መካከል ቁጥቋጦ አለ» ብለው ይጽፉበታል።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ አጋዘኑ ሄዷል እኮ፤ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ረጅም ሌንስ መሬት ይበላል፣ ያ ዞል» አሉኝ፤ አንተ ሰው ማለታቸው ነው። «የኋላውን አምጥቶ ከፊተኛው ላይ ይለጥፈዋል። የበላውን መሬት በእግርህ ካላስመለስክ ምን እንዳነሳህ አታውቅም።»

በኋላ ገንዳ ውሃ ከተማ ባለው የፓርክ መሥሪያ ቤት የዱር እንስሳት ፎቶ ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከፎቶ ቤቱ አይሻልም ነበር፤ የመንግሥት ሥራ መሆኑ ግን ለእናቴ ትልቅ ነገር ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ አንበሳ ካልሆነ ፎቶ አይመስለውም። አብደራፊ ወርጄ በማሽላው ላይ እንደ ደመና የሰፈረውን የግሪሳ ወፍ መንጋ አንስቼ ሳመጣለት «ይሄ ጭስ ምንድነው?» አለኝ። ሁለተኛው አለቃዬ ፎቶ ሁሉ ቀንና ሰዓት እንዲጻፍበት እንጂ ምን እንደሚታይበት ግድ አልነበረውም። ሳንጃ ለጥቂት ጊዜ ተመድቤ ሳለሁ ደግሞ ሚሊሻዎች ሌንሴን መድፍ ነው ብለው ግማሽ ቀን አቆዩኝ። የጋሽ ኢድሪስን ልማድ አስታውሼ ለአዛዡ አሳየሁት። ማዶ ተራራ ላይ ያሉትን የራሱን ፍየሎች ካየበት በኋላ እስከ ማታ አልመልስም አለኝ።

እስከዚያ ድረስ የምሠራው ጋሽ ኢድሪስ በሸጡልኝ በዚያው አሮጌ ሦስት መቶ ነበር። አንድ ቀን ግን መሥሪያ ቤቱ አዲስ ስድስት መቶ ዙም አመጣ። ክንዴን ያህላል፤ ራሱ አተኩሮ ራሱ ያጠራል። ጠረጠርኩት። አሸተትኩት፤ ነቀነቅኩት፤ ባትሪ አበራሁበት። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ጠርዝ ጠርዙን መረመርኩት። ነውር አጣሁበት። ሹፌራችን በላይ «ሚስት ሲያጩም እንዲህ ነበር ያደረጉት?» ብሎ ቀለደብኝ።

ሐቁን ልናገር፣ አዲሱ ሌንስ አሮጌውን በሁሉ ነገር በለጠው። ወፍ እየበረረች ሳለች ያጠራታል። ከመኪናው ሳልወርድ፣ ሰሊጥ የሞላሁበትን ከረጢት መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ሌንሱን ስጭንበት እንደ ዓለት ረጋ ብሎ ይቀመጣል፤ ሰሊጥ የሌንሱን ቅርጽ ይዞ ስለሚጎደጉድ ከአሸዋ ይሻላል። ያልበለጠው በሙቀት ብቻ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የቆላው አየር ስለሚንቀጠቀጥ በስድስት መቶ የምታነሳው ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ እየወጣሁ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ሩቁን ሁሉ እየሳብኩ አነሳ ጀመር። አሮጌው ያስኬደኝ ነበር፤ አዲሱ አስቀመጠኝ። እርምጃ መቁጠር የተውኩት መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

በበጋው መግቢያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በላይ መኪናውን ከፓርኩ ጫካ ጠርዝ አቆመ። በሌንሱ ሳይ የሞተ አጋዘን አየሁ፤ አንገቱ ላይ የሽቦ ወጥመድ አለ። ከላዩ አንድ ሰው ስለት ይዞ ጎንበስ ብሏል። በዚያ ዓመት ወጥመድ አላሠራ ብሎን ነበር፤ አጥማጁን በዓይኑ ያየ ሰው ግን አልነበረም። ደጋግሜ አነሳሁት። አየሩ ገና አልሞቀም፤ የሰውዬው የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ጥቂት ቆይቶ ቀና አለና ወደ ጫካው ገባ። «አየን! ሸሸ!» አልኩት በላይን። የፓርኩ ጠባቂዎች በፎቶው መልኩን ለይተው ከሰዓት በኋላ ዕጣን ለቃሚዎቹ ከሚያድሩበት ሰፈር ያዙት። ከጎጃም ለሥራ የወረደ ሰው ነበር፤ ስሙ አንዳርጌ።

ፎቶውን በኩራት ለጋሽ ኢድሪስ ወስጄ አሳየኋቸው። ያን ጊዜ አርጅተዋል፤ ሱቁን ለልጃቸው ትተዋል። ወረቀቱን ከዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ባዶ ነው።

«ከአጋዘኑ እስከ ሰውዬው ስንት እርምጃ ነው?» አሉኝ።

«አጠገቡ ነው እኮ ጋሽ ኢድሪስ። ይታያል።»

«ሄደህ ቆመህበት ነበር?»

«ዘመኑ ተለውጧል» አልኳቸው። «ያሁኑ ሌንስ እንደዚያን ጊዜው አይደለም።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። «ሌንሱ ተለውጦ ይሆናል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ አላህ ይዘንላቸው።

ፍርድ ቤት አንዳርጌ እንዲህ አለ፦ «እኔ ዛፌን እየፋቅሁ ነበር ጌታዬ። አጋዘኑን ያየሁት እናንተ በወረቀት ስታሳዩኝ ነው።» ዕጣን የሚወጣው ዛፉ በስለት ሲፋቅ ነው፤ ስለቱም በእጁ ነበር። ሰዎች ሳቁበት። ምስክርነቴን ስሰጥ ሰውዬው ከእንስሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ማየቴን በእግዚአብሔር ስም ምዬ ተናገርኩ። ጋሽ ኢድሪስ የጠየቁኝን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም። ስድስት ወር ተፈረደበት። ከችሎቱ ሲወጣ አየኝ፤ አልተሳደበም። «ያዩትን እርስዎ ያውቃሉ» አለኝ፤ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ዓመት አለፈ። አዲሱ ሌንስ አቧራ ገብቶበት ለጥገና ሲላክ አሮጌውን ሦስት መቶ ከሣጥን አወጣሁት። ከዚያው ጫካ ጠርዝ ላይ ቆመን አንድ ጭልፊት ለማንሳት ፈለግሁ፤ በሦስት መቶ ነጥብ ታህላለች። ስለዚህ ወርጄ መሄድ ነበረብኝ። ጥቂት እንደሄድኩ የአጋዘኑ አጥንትና የሽቦው ቁራጭ ያሉበት ቦታ ደረስኩ። ከዚያ ጥቂት አለፍ ብዬ እግሬ ባዶ ሊረግጥ ሲል ደንግጬ ቆምኩ። ከፊቴ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ነበር። ሣሩ ጠርዙን ስለሸፈነው ከመኪናው አይታይም። ከገደሉ ማዶ አንድ የዕጣን ዛፍ አለ፤ ግንዱ ላይ የስለት ፍቆቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል።

ገደሉን ወርጄ ወጣሁ፤ እየቆጠርኩ። ከአጥንቱ እስከ ዛፉ ዘጠና አራት እርምጃ። ዛፉ ሥር ቆሜ ወደ መኪናው ዞር አልኩ። ከዚያ ላይ ሆኖ አጥንቱም አይታይም። ሰውዬው ያላየውን እንስሳ ነው ገደልክ ያልነው። እዚያው ተቀመጥኩ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ያን ቀን ሄጄ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። «ዓመት ቆይቶ ምስክርነቱን የቀየረው ጉቦ በልቶ ነው ይሉኛል» ብዬ ፈራሁ። እኔ ብሆን እንደዚያ ብዬ እጠረጥር ነበርና ሌላውም እንደሚጠረጥረኝ አልተጠራጠርኩም። ነገ ነገ ስል ጡረታዬ ደረሰ። አንዳርጌን አንዳንድ ቀን ገንዳ ውሃ አየዋለሁ፤ የሰሊጥ ጆንያ ይሸከማል። ዕጣን መፋቅ እጅ የሚጠይቅ ሙያ ነው። የለመደው ሰው ዛፉን ሳይጎዳ ይፋቃል፤ እሱም አለ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።

ደብዳቤው ሲመጣ እንግዲህ ሰበብ አለቀብኝ። ጡረተኛን ከምን ያባርሩታል? አንዳርጌን ጭነት ከሚያራግፍበት መጋዘን ሄጄ አገኘሁት። ያየሁትን ሁሉ፣ የደበቅሁትንም ነገርኩት። ጆንያውን አውርዶ ላቡን እየጠረገ ሰማኝ።

«ዘጠና አራት» አለ። «እኔ ያኔም ገደል አለ ብዬ ነበር። ተርጓሚ ያስፈለገኝ ይመስል የሰማኝ አልነበረም።» ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። «አሁንስ ምን ፈልገው ነው?»

ሁለቱን ሌንሶች፣ የእኔን ሦስት መቶና ደብዳቤው አሮጌ ያለውን የመሥሪያ ቤቱን ስድስት መቶ፣ እዚያው ቦታ ላይ ለመፈተን እንደምፈልግ ነገርኩት። ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቄ ሌንሱንና በላይን ከነመኪናው፣ ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ደግሞ ከአዳኝ የተያዘ አንድ የአጋዘን ቆዳ አስወጣሁ። አንዳርጌ ሁለት ቀን አስቦ፣ ብቻውን አላመነኝምና ወንድሙን አስከትሎ መጣ። በላይ መኪናውን ያን ጊዜ ካቆመበት አቆመ። ጭድ የሞላ ጆንያ ከአጥንቱ ቦታ አጋድመን ቆዳውን አለበስነው።

«አንተ ከዛፉ ሥር እንደ ያኔው ጎንበስ በል፤ እኔ አነሳለሁ» አልኩት።

«እኔ እዚያ ቦታ ደግሜ አልቆምም» አለኝ። «እርስዎ ይቁሙ።»

ትክክል ነበር። በካሜራው እንዴት እንደሚነሳ አሳየሁት፤ የሰሊጡን ከረጢት መስኮቱ ላይ አመቻቸሁለት። ገደሉን ወርጄ ወጣሁና ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ቢላ ይዤ ከዛፉ ሥር ጎንበስ አልኩ። ጎኔን ለዚያ ሌንስ ሰጥቼ ስቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ሌንስ ፈራሁ። ማን እንደሚያየኝ አላይም፤ ምን አድርጎ እንደሚያየኝም አላውቅም። መኪናዋ ከዚያ ላይ ሆና የክብሪት ሣጥን ነበር የምታህለው።

ተመልሼ ስመጣ አንዳርጌ ያነሳውን ፎቶ ከካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት ላይ አሳየኝ። እኔ ነኝ። ቢላ ይዣለሁ። ከሞተው አጋዘን ላይ ጎንበስ ብዬ ልገፈው የተዘጋጀሁ እመስላለሁ። ገደል የለም፤ ዘጠና አራት እርምጃ የለም።

«ይኸው ጋሼ» አለኝ ሳይስቅ፤ «እርስዎም ገደሉት።»

ከዚያ በላይን ከዛፉ ሥር አስጎንብሰን ሦስት መቶውን ገጠምንና ሰውና እንስሳው ያንኑ ያህል ገዝፈው እስኪታዩ ድረስ ወደ ፊት ሄድን። እዚያ ስንደርስ የገደሉ አፍ በሣሩ መካከል ወለል ብሎ ታየ። አሮጌው ሌንስ ብልጫ የለውም፤ ያው መስታወት ነው። እግሬን ግን አያሳርፍም ነበር።

ሌንሱ ቢጠገንም ቢተካም የሚያነሳበት ሰው እርምጃውን ቆጥሮ ከፎቶው ጀርባ ይጻፍ የሚል ሪፖርት ጻፍኩ። በፖስታ መላክ አላመንኩም፤ ይጠፋል። ይዤ ሄድኩ። አዲሷ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት፤ የድሮውን ጉዳይ አታውቅም። ጽሑፉን ከማንበቧ በፊት ከላዩ ያያያዝኩትን ፎቶ አነሳች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ሰውዬ ተይዟል?» አለችኝ።

«አልተያዘም። ፊትዎ ቆሟል።»

ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች፤ እንደገና ፎቶውን አየች። ሁሉንም ነገርኳት። በምስክርነቴ ስህተት እንደሠራሁ፣ አውቄም ዝም እንዳልኩ በፊርማዬ ያረጋገጥኩበትን ወረቀት ከሪፖርቱ ሥር አስቀመጥኩላት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጉቦ በልቷል ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ ቀና አለች።

«በመካከሉ ስንት እርምጃ ነው?»

ፎቶውን ገልብጬ ሰጠኋት፤ ከጀርባው ጽፌዋለሁ።

ፍርዱን ለማስሰረዝ ገና ብዙ ደጅ መጥናት አለ፤ እኔም ምስክር ሆኜ እቀርባለሁ። ከተከለከሉት ዝርዝር ግን ስሙ ወጣ። ይህንኑ የሚገልጸውን ደብዳቤ ይዤ ወደ መጋዘኑ ሄድኩና ለአንዳርጌ አነበብኩለት። ፊደል አልቆጠረም። ከላይ እስከ ታች ሰማኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ መንገዱን ተሻገረና ማዶ ካለው ባለ ሱቅ ዘንድ ሄደ። ባለ ሱቁ መነጽሩን አድርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ያነብለት ጀመር።

አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን አስደግሜ አስነብበው ነበር። አንብቦ እስኪጨርስለት ድረስ ከመንገዱ ወዲህ ቆሜ ጠበቅሁ።